የቁራኛ አምባ ነጠላ

ከመንዝ ደጋ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ገደሉን ከመያዙ በፊት በስተግራ በኩል ቁራኛ አምባ የምትባል ትንሽ የድንጋይ መንደር አለች። ቤቶቿ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ጣሪያቸው ድሮ ሁሉም የጓሳ ክዳን ነበር፣ አሁን ግማሾቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል። በእያንዳንዱ ቤት ጧሪ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይኖራሉ፤ ከእሳቸውም ጋር ገና በለጋነቷ ወልዳ መግቢያ ያጣች ልጅ ከነሕፃኗ፣ አንዳንዴም ከሕፃኑ አባት ጋር ትኖራለች። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ጠዋት ሲነሱ ይጨቃጨቃሉ፣ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ ይጨቃጨቃሉ፣ በመንገድ የሚያልፍ እንግዳም ጩኸታቸውን ሰምቶ ሽምግልና ለመግባት ፈረሱን ያቆማል። አይልፋ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተካስሰው የተቀመጡ ናቸው፤ ክሳቸው በየዓመቱ ይሰማል፣ እስከ ዛሬ ግን አንዱም ተፈርዶ አያውቅም።

ቅዳሜ ገበያ የሚወጡት ሸማኔዎች ስለ ክሱ ግድ የላቸውም፤ እነሱን የሚያበሳጫቸው ሌላ ነው። የቁራኛ አምባ ሴት ነጠላ ልትገዛ ስትመጣ ጥለቱን ታገላብጣለች፣ ክሩን ትጎትታለች፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ የሳሳ ቦታ ትፈልጋለች፣ ካገኘች ዋጋ ታስቀንሳለች። እንዲህ የሸማኔውን ናላ አዙራ ከገዛች በኋላ እዚያው ፊቱ ቆማ ምላጭ ታወጣና የአዲሱን ነጠላ አንድ ጫፍ ትቆርጠዋለች፤ ቁራጩንም አጣጥፋ በጉያዋ ትከታለች። ሁሉም አይደሉም እንዲህ የሚያደርጉት፤ ግን የሚያደርጉት እስኪሞቱ ድረስ ሙሉ ነጠላ አይለብሱም።

ስለ ነገሩ አመጣጥ የሚያወራው ሰው ብዛቱ! አንዱ መልአክ ወርዶ ነው ይላል፣ አንዱ የንጉሥ አዋጅ ነበር ይላል፣ አንዱ ደግሞ የቅዱስ ሰው ሕልም ያደርገዋል። ሰው የሠራውን ሥራ ለሰው መስጠት ምን እንደሚያስጨንቃቸው አላውቅም። ሥራውን የሠሩት አንዲት ብስጩ አሮጊት ናቸው። እኔ የምጽፈው ከአምባው ሽማግሌዎች የሰማሁትን ነው፤ እነሱም ሲነግሩኝ ያልተከራከሩበት ዐረፍተ ነገር ስላልነበረ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እሱን ለማስማማት ሞክሬ ልቤ ውልቅ ብሏል።

እንደሚነገረው በዚያን ጊዜ አምባው ላይ የነበረው ቤት አንድ ብቻ ነበር። ባለቤቱ አጥላው የሚባል ሰው ዘር ሳይተካ ሞተና ቤቱ ወራሽ አጥቶ ተዘጋ። የአገሩ ጭቃ ሹም ደምሴ «ወራሽ የሌለው ሁሉ የሚታዘዘው በእኔ ነው» ይል ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ መምሬ ላቀው ደግሞ «ሟች ሲናዘዝ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቷል» ይሉ ነበር። ሁለቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ከምሳ በፊት የሚያልቅ ነገር ነበር። ግን አይነጋገሩም። የተኳረፉት በአንድ ተዝካር ላይ ሻኛው ቀድሞ ለማን ይቅረብ በሚል ነው ይባላል። ለአንድ ቁራጭ ሥጋ! በሬው ተበልቶ ቆዳው ራሱ ማረሻ ታስሮበት ካለቀ በኋላ እንኳ እነሱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ገደሉን፣ አንዱ ሰማዩን እያየ ይተላለፉ ነበር።

በዚያው አገር እማማ እንጉዳይ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ሞቷል፣ የወለዷቸውን ልጆች ፈንጣጣ ወስዷቸዋል፣ ጎጇቸው በአንድ ክረምት ተደርምሷል። ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው ከወንድም ልጅ ወደ እህት ልጅ፣ ከእህት ልጅ ወደ ባል ዘመድ ሆነ። በየቤቱ መጀመሪያ «ይግቡ እንጂ፣ ቤት የእግዜር ነው» ይባላሉ፤ ሲቆዩ የሚተኙበት መደብ ለእህል ማስቀመጫ ይፈለጋል፤ ከዚያ ወጭቱ ፊታቸው ሲቀመጥ ድምፁ ይለወጣል። ውጡ ያላቸው ሰው የለም። ያንን የወጭት ድምፅ ግን እማማ እንጉዳይ ጠንቅቀው ያውቁት ነበርና ሲሰሙት ጓዛቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። ምላሳቸው የሰላው በዚያ መንከራተት ነው ይላሉ።

በመጨረሻ የአጥላውን ቤት እንዲሰጣቸው ጭቃ ሹም ደምሴን ደጅ ጠኑ። ደጅ መጥናት ለእሳቸው ሥራ ሆነ፤ ሰውየው ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ እሳቸው አሉ፣ ከእርሻ ሲመለስ እሳቸው አሉ፣ ሊበላ ሲቀመጥ በበሩ ይታዩታል። አንድ ጠዋት ታከተውና ሰው ፊት ማለ፤ «ንጉሥ ይሙት፣ ቤቱን ሰጥቼሻለሁ! ዛሬውኑ ግቢ! ከእንግዲህ ግን ፊትሽን አታሳዪኝ!» አለ። እማማ እንጉዳይም አመሰግናለሁ ሳይሉ ጓዛቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ መምሬ ላቀው ያንኑ ቤት ለሌላ ሰጡ። የሰጡትም ለደብሪቱና ለዘለቀ ነው። ደብሪቱ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ዘለቀ ከእሷ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ጢም አላበቀለም። የእሷ አባት «እኔ ልጅ የለኝም» ብሎ አስወጣት፣ የእሱ አባት «የልጅ ልጅ አምጣ ያለህ የለም» ብሎ አባረረው፣ ሁለቱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም እየተኙ ሰነበቱ። መምሬ አዘኑላቸው። ክፉ አሳቢዎች ግን ከማዘናቸው ይልቅ ደምሴን ለማናደድ መፈለጋቸው ሳይበልጥ አይቀርም ይላሉ። ያም ሆነ ይህ እሳቸውም በታቦቱ ስም ቃል ሰጡ።

ማታ የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያካፋ እማማ እንጉዳይ ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው አምባው ላይ ደረሱ። በሩ ላይ ሁለት ልጆች ቆመዋል።

«እናንተ ደግሞ ከየት የመጣችሁ ናችሁ?»

«መምሬ ናቸው ግቡ ያሉን፣ እማማ» አለ ዘለቀ።

«መምሬ ምን አግብቷቸው? ያባታቸው ቤት ነው? ቤቱ የእኔ ነው! በሉ ከበሬ ላይ ዞር በሉ!»

ዘለቀ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ደብሪቱ ሆዷን ይዛ በረንዳው ላይ ተንበረከከች። እማማ እንጉዳይ አንድ ጊዜ አዩዋትና ጓዛቸውን ከጀርባቸው አወረዱት።

«አሁን? እኔ እቤቴ ሳልገባ? ሌላ ቀን አጣሽ?» እያሉ በብብቷ ይዘው አስገቧት። ምጡ እስኪያበቃ ድረስ አንድ ጊዜም ዝም አላሉም ይባላል፤ እሳት ሲያነዱ ይቆጣሉ፣ ወገቧን ሲያሹ ይቆጣሉ፣ ዘለቀን ውሃ አምጣ ብለው ይቆጣሉ፣ ሲያመጣ ለምን ቆየህ ብለው ይቆጣሉ። ሊነጋጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች። እማማ እንጉዳይ እትብቷን ቆረጡ፣ በገዛ ጋቢያቸው ጠቀለሏት፣ እናቲቱን ትኩስ አጥሚት አጠጧት፣ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወርደው ከሰሷት።

የሚያስገርመው ይህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ካዋለደ በኋላ ያፍራል። እሳቸው ግን ማዋለድና ቤት ማስለቀቅ ምን አገናኘው ባይ ነበሩ።

አራስ ከቤት አትወጣምና ሸንጎው ራሱ ተጠቅልሎ ወደ አምባው መጣ። የአገሩ ሽማግሌዎች በካፊያ ውስጥ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው ከደጃፉ ተቀመጡ፤ ደብሪቱ ከውስጥ በበሩ ስንጥቅ ትሰማለች። ጭቃ ሹም ደምሴና መምሬ ላቀው ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ተራ በተራ «የማልኩትን አላነሳም» አሉ። ዳኛ የተባሉት አባባ ይፍሩ ነበሩ፤ ለዳኝነቱ የተመረጡት ጥበበኛ ስለሆኑ አይደለም፤ ከሁለቱም ጋር የሚነጋገር ሌላ ሰው በአገሩ ስላልቀረ ነው። ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ነገር የሚያበዛ ሰው አይወዱም። ከሳሿ ደግሞ እማማ እንጉዳይ ሆኑባቸው።

«ተከሳሽ፣ ዋስ ጥሪ» አሉ አባባ ይፍሩ።

ደብሪቱ ከውስጥ የአባቷን ስም ጠራች። አባቷ እዚያው ሸንጎው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የእግሩን ጣቶች ማየት ጀመረ። የዘለቀን አባት ጠራች፤ እሱም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ሳበው። ከዚያ ሁሉ ወንድ፣ ክርስትና ሲነሳ አበልጅ፣ ሰርግ ሲሆን ሚዜ ከሚሆነው ሁሉ፣ እኔ አለሁ የሚል አንድ አልተገኘም። ይህን ሲነግሩኝ የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች እንኳ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ መድፋትም ይገባቸዋል።

«እኔ አለሁ!» አለ ዘለቀ።

«አንተን ማን ይዋስሃል?» አሉት ዳኛው፤ ሰውም ሳቀ።

በአገሩ ሕግ ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር ቁራኛ ይሆናል። የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አንድ ቤት ያድራሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ ይገባሉ። ቋጠሮውን የፈታ፣ ወይም ከተቀመጡበት ያስነሳቸው ሰው፣ ጭቃ ሹምም ቢሆን ገበዝ፣ ሕግ አፍራሽ ነው። አባባ ይፍሩ ይህን ተናግረው የሁለቱ ነጠላ እንዲቋጠር አዘዙ።

እማማ እንጉዳይ እንደ እሳት ነደዱ። «እኔ ከቤቴ ትውጣልኝ አልኩ እንጂ ከነጠላዬ ትታሰርልኝ አልኩ?»

«እንግዲያው ዋስ ፈልጊላት።»

«ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲፈልግ የት አይተህ ታውቃለህ፣ ይፍሩ?» አብሮ አደጋቸው ስለሆኑ እማማ እንጉዳይ ሲናደዱ ዳኝነታቸውን ይረሱባቸዋል።

«ሆዴን አሞኛል። ዝናቡም መጥቷል። ለመስከረም ይደር!» አሉ ዳኛውና ተነሱ።

ክረምቱን ሙሉ ታስረው ከረሙ። ያ የድንጋይ ቤት ያን የመሰለ ጭቅጭቅ ሰምቶ አያውቅም ይባላል። አሮጊቷ ለሽንት በወጡ ቁጥር ልጅቷ አብራ መነሳት አለባት፤ አሮጊትም ቶሎ ቶሎ ይወጣሉ። ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር አሮጊቷ ይቀሰቀሳሉ፤ ሕፃንም ቶሎ ቶሎ ያለቅሳል። «እንዲህ ነው ልጅ የሚታቀፈው? ምነው፣ ማገዶ መሰለችሽ?» ይላሉ እማማ እንጉዳይ። «እርስዎ ሲያንኮራፉ ነው የነቃችው» ትላለች ደብሪቱ። ሁለት የተሳሰሩ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ገደል አይወርዱምና ውሃውንም ኩበቱንም የሚያመጣው ዘለቀ ሆነ፤ ለሰው እያረሰ የሚያገኛትንም እህል ያስገባል፣ ማታ ከበሩ ኋላ ተጠቅልሎ ይተኛል። እሱም ከስድብ አላመለጠም።

ሁለቱም ግን አንድ ነገር ልባቸው ውስጥ ነበር። መስከረም ሲጠባ ፍርድ ይሰጣል፤ አንደኛቸው ጓዟን ተሸክማ ትወጣለች። ደጋው ላይ በጥቅምት ውርጭ ደጅ ያደረ ሕፃን አይተርፍም፤ አሮጊትም አይተርፍም። በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩም። ስለ ሽሮው ጨው ግን ቀኑን ሙሉ ይነጋገሩ ነበር።

ነሐሴ ላይ እማማ እንጉዳይ ታመሙ። ትኩሳቱ ናላቸውን አዞረውና ያሉበትን ቤት ረሱ፤ ተነስተው በዳበሳ ጓዛቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «ይኸው እየወጣሁ ነው፤ መደቡን ለእህል እንደምትፈልጉት አውቄያለሁ። ብቻ ዝናቡ እስኪያባራ ታገሡኝ» ይሉ ነበር፤ የሚያናግሩት የእህታቸውን ልጅ ነው፣ ወይም የባላቸውን ዘመድ። ደብሪቱ ያ ሁሉ ስድባቸው ሲወርድባት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አለቀሰች። ጓዛቸውን ከእጃቸው ወስዳ ቋጠሮውን አስጨበጠቻቸው።

«የት ይሄዳሉ፣ እማማ? ታስረናል እኮ» አለቻቸው።

እማማ እንጉዳይ ቋጠሮውን ዳበሱትና ተኙ። በማግስቱ ሲሻላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው አጥሚቱ ቀጠነ የሚል ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ሸንጎው ዳገቱን ወጣ። አባባ ይፍሩ ክረምቱን ሙሉ ሲያስቡበት ከርመው ነገሩን ጨርሰው መጥተዋል፤ የጭቃ ሹሙ ቃል የተሰጠው ጠዋት፣ የመምሬ ቃል የተሰጠው ከሰዓት በኋላ ነውና ቀዳሚው ይጸናል። ቤቱ የእማማ እንጉዳይ ሊሆን ነው። ይህን ሁሉም ሰው አውቆታል። ደብሪቱ ሕፃኗን አዝላ፣ ጨርቋን ጠቅልላ፣ ቋጠሮው እስኪፈታ ብቻ ትጠብቃለች። ዘለቀ ከኋላዋ ቆሞ ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቅ ሰው እንደሚያይ መንገዱን ያያል።

«ከሳሽ፣ ከፍርዱ በፊት የምትጨምሪው አለ?» አሉ ዳኛው። ሥርዓት ስለሆነ ነው የጠየቁት፤ መልስ አልጠበቁም።

«አለኝ እንጂ!» አሉ እማማ እንጉዳይ። «ይህች ልጅ እሳት ማንደድ አታውቅም። ሽሮ ስታሳርር ከረመች። ሕፃኗን ያለ ቆብ ታስተኛለች፣ ብነግራት አትሰማም። ስታንጎራጉር ደግሞ ድምፅ የላትም። እኔን ስትነሳ ትረግጠኛለች። ያም ባሏ ተብዬ ጭቃ እግሩን ሳይጠርግ ይገባል...»

«በቃ፣ በቃ! ይህ ከቤቱ ጋር ምን አገናኘው?»

«ክሴ ነው። ገና አላለቀም። ይደርልኝ።»

ከሳሽ ነገሬ አላለቀም ካለ በሕጉ ይደርለታል፤ አባባ ይፍሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ለጥር አሳደሩት። በጥር መጡ። እማማ እንጉዳይ ስለ አጥሚቱ ተናገሩ፣ ስለ በሩ አዘጋግ ተናገሩ፣ ይደርልኝ አሉ። በግንቦት መጡ። ስለ ጥርሷ አወጣጥ ተናገሩ፤ የሕፃኗን ማለታቸው ነው፤ እናትየዋ ችላ በማለቷ የዘገየ መስሏቸው ነበር። ይደርልኝ አሉ። ያን ጊዜ የአባባ ይፍሩ ትዕግሥት አለቀ።

«ሴትዮ! እየረታሽ እኮ ነው! ፍርዱን ልስጥሽና ገላግይን!»

«እንዳትሰጥ።»

«ምን?»

«እንዳትፈርድ አልኩህ።»

«ከወደድሻት ቤቱን ተቀበይና አብራሽ ትኑር በያ! ማን ከለከለሽ? ለምንድነው በየጊዜው በዚህ በተረገመ ዳገት የምታመላልሺን?»

እማማ እንጉዳይ ተነሱ፤ ደብሪቱም ታስራለችና አብራ ተነሳች። «ወደድኳት ያለህ ማነው? ስማኝ ይፍሩ። ብትፈርድልኝ ይህች ልጅ በእኔ ምሕረት የምትኖር ትሆናለች። እኔ በሰው ምሕረት ኖሬ አውቀዋለሁ፤ ወጭት ሲቀመጥ ድምፁ ሲለወጥ መስማት ነው። እኔ ደግ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ቀን እኔም ወጭቱን እንደዚያ አስቀምጥባት ይሆናል። ዓይኔን በጨፈንኩ ማግስት ደግሞ ደምሴ ጥጆቹን እዚህ ያስራል፣ እሷ ከነልጇ ሜዳ ትቀራለች። ቁራኛዬ ከሆነች ግን የምትኖረው በሕግ ነው። እኔም ላስወጣት አልችልም፣ እሷም ጥላኝ አትሄድም፣ እናንተም አትነኩንም። እና ይደር! ዳገቱ ከከበደህ በበቅሎ ና።»

አባባ ይፍሩ የተቀመጡትን ወንዶች አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ባለፈው ክረምት ዋስ ሲጠራ ጣታቸውን ሲቆጥሩ የነበሩትን ማለት ነው። ከዚያ «ይደር» አሉ፤ «በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ግን! ሆዴን ያመኛል።» ቋጠሮው በሰውነታቸው ላይ መሆኑ ቀርቶ የሁለቱ ነጠላ እንደታሰረ ከቤቱ ምሰሶ ላይ እንዲሰቀል የፈቀዱትም ያን ቀን ነው፤ ሁለቱም ሴቶች በየበዓሉ የሚለብሱት ነጠላ አጣን ብለው አማረሩ።

ከዚያ ወዲህ ክሱ ዓመት በዓመት እየተሰማ፣ እየተቆጡበት፣ እያደረ ሄደ። ዘለቀ በቤቱ ጎን መኝታ ጨመረበት፣ መምሬም እሱንና ደብሪቱን አጋቧቸው። ሕፃኗ አስካለ በእማማ እንጉዳይ ጀርባ ላይ አደገች፤ አፏን የፈታችው በስድብ ነው ይላሉ። ወሬው ሲሰማ ከሩቅ አገር የተባረሩ ልጃገረዶች ከነሆዳቸው፣ ጧሪ ያጡ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ከነምርኩዛቸው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። አባባ ይፍሩም ማረፊያ አጡ፤ ዘለቀ ጎጆ ባቆመ ቁጥር አንድ አዛውንትና አንዲት ልጅ ተጣምረው ይካሰሳሉ፣ ነጠላና ጋቢያቸው ይቋጠራል፣ ይደር ይባላል። ሸንጎው ከሚሰማው ክስ የሚያሳድረው በዛ።

እማማ እንጉዳይ በእርጅና አልጋ ላይ ዋሉ። ሊሞቱ ሲሉ ለደብሪቱ የተናገሩት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ስለ ምድጃው አመድ ነበር። በመጨረሻ ግን እጇን ይዘው «ፍርድ እንዳይሰጡ» አሏት። ደብሪቱም «ገና መች አለቀና፣ እማማ» አለች።

ሲገነዙ ሽማግሌዎቹ አባባ ይፍሩን በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው፤ ከሳሽ ሲሞት ቋጠሮ የሚፈታው ዳኛ ነውና። አባባ ይፍሩ ሊገነዙበት ከምሰሶው የወረደውን ነጠላ ተቀብለው ቋጠሮውን ዳበሱት። «ያልፈረድኩበትን ቋጠሮ አልፈታም» አሉ። «ምኑን ብዬ ልፍታው? ማን ረታ ልበል?» ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ሟቿ ቋጠሮውን ይዘው አይቀበሩ፣ ደብሪቱም አብራ አትቀበር!

ደብሪቱ ቢላዋ አነሳች። የገዛ ነጠላዋን ጫፍ ከቋጠሮው በላይ ቆረጠችው። ቋጠሮው እንደታሰረ በእማማ እንጉዳይ ነጠላ ላይ ቀረ፤ በዚያው ነጠላ ተገነዙ፣ ከእሱው ጋር ተቀበሩ።

ግን ከሳሽ የሌለው ክስ ይፈርሳል፣ ክሱ ከፈረሰም ቤቱ ይወሰዳል። ጭቃ ሹም ደምሴ ያን ጊዜ ራሱ አርጅቶ ነበር፤ ጥጆቹን ግን አልረሳም። ስለዚህ ለቀስተኛው ንፍሮውን ሳይጨርስ የአምባው ሰዎች ሮጠው አንድ የሚጠለሉበት ያጡ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከደጀ ሰላም አምጥተው ደብሪቱ ፊት አቆሟቸው።

«ይክሰሷት፣ አባባ።»

«ምን ብዬ? ሴትዮዋን አላውቃት!»

«ምንም ይሁን። የሆነ ነገር ያማርሩባት።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ንፍሮው አልበሰለም» አሉ። ደብሪቱ እንባዋን እየጠረገች «ጥርስ ስለሌለዎት ነው እንጂ በስሏል!» ብላ ጮኸች። አባባ ይፍሩ ከቃሬዛው ላይ «ይደር» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ እሳቸውንም ከአምባው ሳያወርዱ እዚያው ቀበሯቸው።

እንዲህ ነው ቁራኛ አምባ የተመሠረተችው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ዛሬም ሸንጎው ዳገቱን ይወጣል፣ አዛውንቶቹ ያማርራሉ፣ ልጆቹ ይመልሳሉ፣ ዳኛው ተሰላችቶ ያሳድራል። ከከተማ የሚመጣ የተማረ ሰው ሁሉ «አንዴ ፈርዳችሁ ለምን አትገላገሉም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው መተረክ እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የተረከ ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት የአምባው ሴት አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ነጠላ ገዝታ ጫፉን ስትቆርጥ አየሁ። ሰውየው ተማረረ፤ «ምነው አንቺ፣ ስንት ቀን የለፋሁበትን! ይህ ጫፍ ምን አደረገሽ? ጫፍ የሌለው ከፈለግሽ ጫፍ የሌለው እሠራልሽ ነበር!» አላት። ሴትዮዋ ቁራጩን አጥፋ በጉያዋ ከተተች። ወደ ቤቷ ስትመለስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አልፋ አንድ መቃብር ላይ ካለ ድንጋይ ሥር እንደምታኖረው እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አያውቅም።

«ጫፉ የእኔ አይደለም» አለችው። «የከሳሼ ነው።»